«አቤት» ማለት የማይችል ታካሚ ውጤቱን ሲጠብቅ

ይድረስ ለክቡር የሆስፒታሉ የውጤት መስጫ መስኮት ኃላፊ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? አላህ አፊያዎን ያብዛልዎ፤ በተለይ ያንን ከግቢው አጥር አልፎ የሚሰማውን ድምፅዎን ይጠብቅልዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ፤ ደህና መሆን አለመሆኔን የሚያውቀው ወረቀት ግን እርስዎ ዘንድ ነው።

ባድሩ እባላለሁ፤ ውጫሌ መናኸሪያ «ሐይቅ! ደሴ!» እያልኩ ዕድሜ ልኬን መንገደኛ ስጠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። በጉሮሮ ካንሰር ምክንያት ማንቁርቴ ከነድምፄ ወጥቶ፣ ዛሬ የምተነፍሰው አንገቴ ላይ በተከፈተልኝ ቀዳዳ ነው። ሐኪሜ ዶክተር ኢልሀም፣ ካንሰሩ መመለሱን ሥጋ ሳይቆነጠር ከደም ብቻ የሚያሳይ አዲስ ምርመራ አለ ብላ፣ የዕጢው ርዝራዥ ደሜ ውስጥ እንዲፈለግ ናሙናዬን እየላከች ትከታተለኝ ነበር። የፊተኛው ውጤት ንጹሕ ነበር። እሷ ለትምህርት ከሄደች ወዲህ የሁለተኛውን ስጠብቅ፣ ከአገጬ ሥር አንዲት ጠጣር እብጠት ለእጄ መሰማት ጀምራለች። ፈርቻለሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ፦

፩. ስሙ ተጠርቶ «አቤት» ያላለ ሰው አልመጣም ማለት ነው በሚለው ሕግዎ ጸንተው፣ ከፊትዎ ቆሜ እጄን እያውለበለብኩ «ቀሪ» ብለው ወደሚቀጥለው ስላለፉ አመሰግናለሁ። ቀና ብሎ ማየት ለአድልዎ ያጋልጣልና ጥንቃቄዎ ይገባኛል።

፪. ድምፅ እንደሌለኝ ጽፌ ባቀብልዎ፣ ሳያነቡ «ስትጠራ ትመጣለህ» ስላሉኝ።

፫. በስልክም አልረሳችሁኝም። ስትደውሉ ደንግጬ ሳነሳው፣ ትንፋሼን ብቻ ሰምታችሁ «ባለጌ!» ብላችሁ ዘጋችሁት። ስልኬ ከጠራ ብዙ ቆይቶ ነበርና፣ ለስድቡም ውለታችሁ አለብኝ።

፬. የሚናገርልኝ ሰው ይዤ እንድመጣ መክረውኛል። ባለቤቴ ዙለይሃ፣ አላህ ይርሐማትና፣ ብትኖር ለሁለታችንም የሚበቃ አፍ ነበራት። ጎረቤቶቼ ይምጡልኝ እንዳይባል፣ በእኛ አገር እንግዳ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ «ግቡ» ካልተባለ ሰው የለም ብሎ ይመለሳል። እኔም ከውስጥ ሆኜ ብርጭቆ በማንኪያ እመታለሁ፤ ተነሥቼ በሩን እስክከፍት ግን ሄደዋል። አሁን አሁን የሚጣራም የለም። ወላሂ፣ ከካንሰሩ ይልቅ ይሄ ይከብዳል።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ተረቱን ያወጣው ሰው በአንገት መተንፈስን አልቀመሰም።

በመጪው ሐሙስ ቢጫ ሻሽ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ከመስኮትዎ ፊት እቆማለሁ። ውጤቱ ክፉም ቢሆን ግድ የለም፤ ብቻ ይስጡኝ፣ ሕክምናው ሳያመልጠኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከፊትዎ እየቆመ በቀሪነት የሚመዘገበው ታዛዥዎ፣
ባድሩ፣ ከውጫሌ

ይህንንም ልጨምር፦ አንድ ቀን ስሜን ጠርተው፣ ቀናም ብለው አይተው፣ እጁን የሚያውለበልብ ሰው ካጡ «ቀሪ» ብለው ይጻፉ። ያን ቀን ትክክል ይሆናሉ።