ጓንቱ ሐይቅ ዳር፣ ልጄ ነዳጅ ማደያ ዳር

ለክብርት ወይዘሮ ቫለሪ ስቶክ
የበረዶ ዝይ ዋንጫ የልጃገረዶች ሆኪ ውድድር የማረፊያ ጉዳይ ኃላፊ
ኬልሶ ቤይ፣ ሚኒሶታ

ግልባጭ፦ ልጁን ጭኖ ለውድድር ለሚነዳ ወላጅ ሁሉ

ክብርት ሆይ፣

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ያ እንቅልፍ የማያውቀው የክፍል ማስያዣ ኮምፒውተርዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን። ማለቴ፣ ማክሰኞ ዕለት የእርስዎ ደብዳቤ እስኪደርሰን ድረስ ደህና ነበርን።

ደብዳቤዎ አጭርና ግልጽ ነው። የዊሎ ክሪክ የልጃገረዶች ቡድን፣ ከቤተሰቦቹ አንዱ በተመደበለት ማረፊያ ስላላደረ፣ ለሚመጣው ዓመት ከውድድሩ ተሰርዟል። ኮሚቴው ግን ርኅሩኅ ስለሆነ፣ ጥፋተኛው ቤተሰብ ከቡድኑ መውጣቱ በጽሑፍ ከተረጋገጠለት ነገሩን እንደገና ያየዋል። ያ ጥፋተኛ ቤተሰብ የኔ ነው። ራስል ፕሪቢል እባላለሁ፣ ወዳጆቼ ሩስ ይሉኛል፣ የቤት ማሞቂያ ጠጋኝ ነኝ፣ የበረኛዋ የጆዚ አባት። ጆዚ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ደብዳቤውን ከሰማች ጀምሮ ልምምድ አልሄድም ብላ ቤት ተቀምጣለች። "በኔ የተነሳ ነው የተባረሩት፤ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው አባዬ?" ትለኛለች። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደሆነ በተራ ቁጥር ላስረዳዎ። ባለቤቴ ዶና "አንተ ካልቆጠርክ ነገር አይወጣልህም" ትላለች፤ እውነቷን ነው።

አንደኛ፦ ስለ ደንብዎ ምስጋና።

መጫወት የፈለገ ቡድን ኮሚቴው በመረጠው ሆቴል ብቻ ይደር የሚለው ደንብዎ ስንት ሐሳብ እንዳቀለለልኝ ቢያውቁ! ድሮ እኮ የት እንደምንተኛ የምንመርጠው እኛው ነበርን። እናማርጣለን፣ እንጠይቃለን፣ እንጨነቃለን፤ እኔ ደግሞ መጨነቅ ላይ ማንም አያክለኝም። ለዚህ ውድድር እንኳ ከበረዶ ሜዳው በእግር የሚደረስ፣ ቁርስ የሚያበላ ማረፊያ አግኝቼ ነበር። ቢሮዎ ስደውል ያነሳችው ልጅ "ጌታዬ፣ እሱ እኛ ዘንድ የለም" አለችኝ። "ቅርብ እኮ ነው" አልኳት። "ሩቅ ነው አልወጣኝም ጌታዬ። እኛ ዘንድ የለም ነው ያልኩት" አለችኝ። እንዲህ ቁርጥ ያለ ሰው ደስ ይለኛል። ደመወዝ ይጨመርላት።

ሁለተኛ፦ ስለ ክፍል እደላው።

ማስያዣው የተከፈተው ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ነበር። እኔ በዚያ ሰዓት አንዲት አሮጊት ምድር ቤት ውስጥ ተንበርክኬ የጠፋ ማሞቂያ እያስነሳሁ ነበር። ውጪው ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ስልኬ ደግሞ እዚያ ታች አይሠራም። ሴትዮዋን በብርድ ጥዬ ክፍል ልያዝ ማለት ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ማሞቂያው ተነስቶ እኔም ወደ ላይ ስወጣ የሐይቅ ዳሩ ሆቴል አልቋል። የቡድናችን ቤተሰቦች በሙሉ እዚያ ገብተዋል። ለእኔና ለጆዚ ኮምፒውተርዎ የመረጠልን ከከተማው ውጪ አውራ ጎዳናው ላይ፣ ነዳጅ ማደያው ጎን ያለውን ሞቴል ነው። (ዶና ቅዳሜና እሑድ ሥራ ስለምትገባ አልመጣችም።) ስለ ሞቴሉ አንድም ክፉ ቃል አይወጣኝም። የከባድ መኪና ሞተር ከጆሮው ሥር ሲያጉረመርምለት እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ካለ፣ ገነት ነው።

ክብርት ሆይ፣ የእርስዎ ልጆች ሆኪ የተጫወቱ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ልጆቹ ስለ ዋንጫ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። የሚያወሩት ስለ ኮሪደሩ ነው። በትንንሽ የሆኪ ዱላ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክከው መጫወቱ፣ መዋኛው፣ እናቶች በየበሩ ላይ በኤሌክትሪክ ድስት የሚያሞቁት የሥጋ ድብልብልና የቺዝ ድንች፣ ከየክፍሉ እየወጡ መሯሯጡ። ዋንጫው ቀርቶ ኮሪደሩ ቢሰጣቸው ሁሉም እያጨበጨቡ ይቀበሉ ነበር። የኔዋ ልጅ ኮሪደር ላይ የነበረው የበረዶ መሥሪያ ማሽን ነው። እሱም ተበላሽቷል።

ሦስተኛ፦ ስለ ጸጉር።

ይህን ቁጥር መጻፍ አልፈለግሁም ነበር። ግን ሁለት ብዬ አራት ማለት አልችልም።

ቅዳሜ ጠዋት ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ልጃገረዶቹ ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈው ይቀመጣሉ፤ አንዷ የፊተኛዋን ጸጉር ትጎነጉናለች። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁለት ጉንጉን፣ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ጥብጣብ። ከራስ ቁር ሥር ተንጠልጥሎ የሚታየው እሱ ነው። ማን ከማን ኋላ ተቀመጠ የሚለው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይወራል። እነሱ ሲጎነጎኑ እኔና ጆዚ ከበረዶ ጠራጊ መኪና ኋላ እየተሳብን መንገድ ላይ ነን። ስታዲየሙ በር ላይ ስንደርስ ሁሉም ተሠርተው ጨርሰዋል። ጆዚ ከመኪናው አልወጣ አለች።

"አባዬ፣ አንተ ሥራኝ።"

"እኔ? እኔ ጸጉር?"

"ቧንቧ እንደምታጠማዝዝ አድርገህ አጠማዝዘው በቃ።"

ሠራኋት። የዚህ እጅ ሙያ መፍቻ ነው፤ የቻለውን ያህል ሞከረ። አንዱ ጉንጉን ወደ ታች ወረደ፣ ሁለተኛው ወደ ጎን ሸሸ። ጥብጣብ ስላልነበረን ጫፉን በዱላ መጠቅለያ ፕላስተር አሰርኩት። ስትገባ አንዷ "ጆዚ! ጸጉርሽን ምን መታው?" ስትል ሰማሁ። "አባቴ ነው የመታው" አለች ልጄ፤ ሁሉም ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። ከዚያ ማንም ሳያያት ሁለቱንም ጉንጉን የራስ ቁሯ ውስጥ ጠቅጥቃ ከተተችው። እኔ ግን አይቻለሁ። የማረፊያ ደንብዎ ስንት አንቀጽ እንዳለው አላስታውስም፤ ይህን የሚመለከት አንቀጽ ግን አላገኘሁም።

አራተኛ፦ ስለ ሀልቮርሰኖች።

ኪርክ ሀልቮርሰን የቡድናችን አምበል የአኒካ አባት ነው። ጋራዡ ይሞቃል። የመኪናው ወንበር ይሞቃል። እኔ የሰው ቤት ሳሞቅ የምውል ሰው ነኝና ይህን ነገር ሳልቆጥር ማለፍ አይሆንልኝም። ባለቤቱ ሺላ ኮምፒውተር ፊት የምትሠራ ስለሆነች ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ከሐይቅ ዳሩ ሆቴል ሁለት ክፍል ያዘች። ሁለት! አራት ናቸው፤ አራቱም የተኙት በአንዱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ለቡድኑ ፒዛ ወደ ሐይቅ ዳሩ ሆቴል ስንሄድ "ሁለተኛው ለማን ነው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ለዕቃው" አለኝ።

"ለየትኛው ዕቃ?"

"ለጓንቱ፣ ለጫማው፣ ለደረት መከላከያው ነዋ። ሩስ ሙት፣ ያ ሽታ ካለበት ክፍል አንተ ትተኛለህ?"

በሩን ከፍቶ አሳየኝ። ምን እንዳየሁ ያውቁ ይሆን ክብርት ሆይ? ሁለት ሰፋፊ አልጋ፣ ነጭ አንሶላ፣ መስኮቱ ሙሉ ሐይቅ። ትራሱ ላይ አንድ የግራ ጓንት፣ ዕድሜውን ሙሉ ላብ ሲጠጣ የኖረ፣ በጀርባው ተንጋሎ ሐይቁን ያያል። ቅናት ነው ይሉኛል። አዎ፣ ቅናት ነው። በሰው መኪና ቀንቼ አውቃለሁ፤ በሰው ጋራዥ፣ በሰው ጸጉርም ቀንቼ አውቃለሁ። በጓንት ስቀና ግን የመጀመሪያዬ ነው። በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ነገር ስላሳያችሁኝ ኮሚቴውን ከልብ አመሰግናለሁ።

ወደ መዋኛው ስንሄድ ደግሞ በሩ ላይ ያለችው ሠራተኛ ጆዚን አስቆመቻት። የክንድ አምባር ያላደረገ አይገባም፤ አምባሩ የሚሰጠው ለሆቴሉ እንግዳ ነው። ልጄ ዋና ልብሷን ከካፖርቷ ሥር ለብሳ፣ በመስታወቱ ውስጥ ጓደኞቿን እያየች ቆመች። ኪርክ ከውስጥ አየንና ጮኸ። "ሩስ! ና፣ ና! የጓንቶቹ አምባር አለ እኮ! እነሱ እንደሆነ አይዋኙም!" ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የሳቀው ጥርሴ ነው። ጆዚ የጓንቱን አምባር አጥልቃ፣ እኔ ፊቴን ሳላስተካክል ውሃ ውስጥ ነበረች።

አምስተኛ፦ ስለ ጥፋቴ።

ከዋናው በኋላ ኪርክ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ "ጓንቶቹን መታጠቢያ ቤት እወረውራቸዋለሁ፤ ዛሬ እናንተ እዚህ እደሩ። ነገ ጠዋት ጸጉሯን ከልጆቹ ጋር ትሠራ" አለኝ። እምቢ ልለው ነበር። ጆዚን አየኋትና አላልኩም። እናም ያደግሁበት ደንብ እንደሚያዘው፣ ዕቃችንን ላመጣ ወደ ሞቴሉ ስመለስ ቁልፉን ለሪሴፕሽኗ ሴትዮ አስረክቤ "ለሌላ ሰው ይሁን፤ እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ወጣሁ። አውራ ጎዳናው በበረዶ ሊዘጋ ነው እየተባለ ነበር፣ ሾፌሮች ክፍል ይጠይቁ ነበር። አልጋ ከሚባክን ሰው ይተኛበት አልኩ። ሴትዮዋም እንደ ወጉ ለቢሮዎ አስታወቀች። ጥፋቴ ይኸው ነው። ዝም ብዬ ቁልፉን ኪሴ ከትቼው ብሄድ ኖሮ ዛሬ የተከበርን የውድድሩ እንግዶች ነበርን።

አንድ ነገር ብቻ በትሕትና ልጠይቅዎ። ዓርብ ማታ ያ የሐይቅ ዳር ክፍል ውስጥ ሰው የሚባል አላደረም። ያ ግን ለቡድናችን እንደ ማደር ተቆጠረለት። ቅዳሜ ሁለት ሰው አደረበት፤ ያ ወንጀል ሆነ። ኮምፒውተርዎ ጓንት ሲያድር ደስ የሚለው፣ ልጅ ስታድር የሚከፋው ለምንድን ነው?

እሑድ ጠዋት ልጄ ኮሪደሩ ላይ በሰልፍ መሐል ተቀምጣ ተጎነጎነች። አኒካ ናት የሠራቻት። ጨዋታውን ተሸነፍን፤ ጆዚ ከበረዶው እየሳቀች ወጣች፣ ጉንጉኗ ከራስ ቁሯ ውጪ።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ረቡዕ ነው። ከዚህ በኋላ የነበረኝ ሐሳብ እርስዎን መለመን ነበር፤ እኔን ይሰርዙኝ፣ ስታዲየም ደጃፍ አልደርስም፣ መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ፣ ልጄን ብቻ ከቡድኗ አይለዩብኝ ልል ነበር። ግን ትናንት ሐሙስ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ፤ አጀንዳው እኛ ነን። ጆዚ ከስብሰባው ክፍል ውጪ ከልጆቹ ጋር ነበረች፤ በሩ ግን ክፍት ነው።

የክንፍ ተጫዋቿ አባት ዌይን ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። "ማንም ጆዚን የሚጠላ የለም። እንዲያው አንድ ልጅና አሥራ አራት ልጅ ስናይ..." አለና ቆመ። ማንም አላገዘውም፤ ማንም ደግሞ ተው አላለውም። ፊት ለፊቴ ያለውን ወንበር እያየሁ ስንት ብሎን እንዳለው ቆጠርኩ። ያኔ ኪርክ ተነሳ።

"ክፍሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። የሚወጣ ካለ ሀልቮርሰኖች ይውጡ። ሺላ፣ ጻፊው።"

"ኧረ ኪርክ፣ ነገሩን አታክርረው" አለው ዌይን።

ከበሩ በኩል አኒካ አንገቷን አስገብታ፦ "ጋሼ ዌይን፣ ጆዚ ከሄደች ጎሉ ላይ እርስዎ ይቆማሉ?" አለች። ዌይን ሆዱን አየ። ሰዉ ሁሉ የዌይንን ሆድ አየ። ሳቁ ሲያልቅ ነገሩም አለቀ። የጠየቁት ማረጋገጫ አይላክልዎትም ክብርት ሆይ። የሚመጣውን ዓመት ስረዛ በሙሉ ድምፅ ተቀብለናል። ጆዚም ዛሬ ልምምድ ሄዳለች።

እንግዲህ ክብርት ሆይ፣ እኔ ሁሉን እችል ነበር። ሞቴሉን ችያለሁ፣ ጓንቱን ችያለሁ፣ አምባሩንም ችያለሁ። ግን ያ ሰውዬ ጋራዡ መሞቁ ሳያንሰው፣ ደግ ሰው ሆኖ አረፈው። ከአሁን በኋላ በምኑ ልጥላው? ቅናቴን እንኳ በሰላም እንዳልቀና አደረጋችሁኝ፤ ይህንን መቼም ይቅር የምላችሁ አይመስለኝም።

ክፍሎችዎ ሁልጊዜ የሞሉ፣ አንሶላዎችዎ የነጡ፣ ኮምፒውተርዎ የማይሳሳት ይሁንልዎ። የተመደበለትን አልጋ ያልተኛበት፣ ለዚህም ምንጊዜም የማይጸጸት፣

የእርስዎ ትሑት ጥፋተኛ
ራስል ፕሪቢል
ዊሎ ክሪክ

ማስታወሻ (ደብዳቤው ሳይላክ ከሁለት ሳምንት በኋላ የተጨመረ)፦ በሚመጣው የካቲት፣ በውድድሩ ቅዳሜ፣ ቡድናችን በሙሉ ኬልሶ ቤይ ይመጣል። ስለ ማረፊያችን እንዳያስቡ፤ ታሪካችንን የሰሙ የከተማችሁ ሰዎች ሳሎናቸውን ከፍተውልናል። የምንጫወተው በረዶ ሆኖ የረጋው ሐይቅ ላይ ነው። የከተማውን ጽሕፈት ቤት ጠይቀን ነበር፤ ሐይቁ የማንም አይደለም፣ እዚያ ላይ የሚጫወት ሰው የት እንዳደረ የሚጠይቀው የለም ብለውናል። ከሆቴሉ መስኮቶች ልጆቹ ቁልጭ ብለው ስለሚታዩ፣ በዚህ ሰበብ ክፍሉ ላይ ዋጋ እንዳትጨምሩበት አደራ።