ከወንድም ጋር ከአንድ ትሪ ለመብላት ስለሚጠየቅ ተጨማሪ ክፍያ

ለሰማያዊ ሞገድ የጀልባ ሽርሽር ድርጅት
ለክቡር ሥራ አስኪያጁ ለአቶ ይሄይስ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ (ቅሬታ የሚመስል ነገር ከተገኘበት የብዕሬ ጥፋት ነው)

ክቡር አቶ ይሄይስ፣

የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎን ጤና፣ የልጆችዎን ጤና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጀልባዎን ሞተር ጤና አጥብቄ እጠይቃለሁ። ሞተሩ ያን ዕለት መሐል ኃይቅ ላይ አስነጥሶ አስነጥሶ ዝም ስላለ ስለ እሱ የማስበው ከልቤ ነው። እርስዎ ግን ደህና እንደሆኑ አልጠራጠርም፤ ሰው ከወንድሙ ጋር ለሚበላበት ትሪ ዋጋ ያወጣ ሰው ሆዱም እንቅልፉም ደህና መሆን አለበት።

እኔ ተዋበች እባላለሁ፤ ሰቆጣ ላይ የስንቱን ልጅ ፊደል አስቆጥሬ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። በሃምሳው መካከል፣ ጾም በሌለበት ሰሞን፣ ሁለት ወንድሞቼን በግራና በቀኝ አስቀምጬ በተከዜ ግድብ ኃይቅ ላይ በምትመላለሰው ጀልባዎ ተሳፍሬ ነበር። እርስዎ ምናልባት አያስታውሱኝም፤ ሠራተኞችዎን ግን «ያቺ ምላሷ የማያርፍ አሮጊት» ካሏቸው ወዲያው ይለዩኛል።

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት ለምን እንደመጣን ላስረዳዎት፤ ነፋስ ልንቀበል የመጣን መስሎዎት እንደሆነ አይደለም። ታላቅየው ወንድሜ ገበያው ደሃና፣ ታናሽየው ንጋቱ ደግሞ ጽጽቃ ይኖራሉ። አባታችን ሲሞት ከሁሉ አብልጦ የሚወዳቸውን የንብ ቀፎዎች ትቶልን ነበር፤ ሁለቱ ይሄኛው ለእኔ፣ ያኛው ለአንተ ሲባባሉ፣ ቀፎዎቹን ዞር ብሎ የሚያይ ጠፍቶ ንቦቹ ጥለውን ሄዱ። የሚካፈሉት ንብረት ካለቀ ጥፋቱን እንኳ ይካፈላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ አንዱ ሙሉውን ጥፋት ለሌላው ሰጠው። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ቤት በአንድ ድንኳን ሲቀመጡ እንኳ ጀርባ ለጀርባ ነው።

ሽማግሌዎች ብዙ ደክመው ዘንድሮ መስቀል አሳለሟቸው። ነገር ግን እርቅ በእኛ ዘንድ በመስቀል ይጀመራል እንጂ በመስቀል አያልቅም፤ የተጣሉት ከአንድ ዕቃ በልተው እስኪጎራረሱ ድረስ እርቁ ገና ጥሬ ነው። የእርቁን ፍየል የሚያርደው ደግሞ በዳዩ ነው፤ ለማዕዱ ያወጣ ሰው «እኔ አጥፍቻለሁ» ብሎ በአደባባይ ተናገረ ማለት ነው፣ ሌላ ቃል የሚጠይቀው የለም። ሽማግሌዎቹ በዳዩ ማን እንደሆነ ለመለየት አቅቷቸው፣ «እንግዲያው ማንም አይረድ፤ የሁለቱም ባልሆነ ቦታ፣ የሁለቱም ባልሆነ ማዕድ ይብሉ» ብለው ተነሱ።

የሁለቱም ያልሆነ ቦታ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ መስሎዎታል? ገበያው ጽጽቃ ቢወርድ «ሄደለት» ይባላል፤ ንጋቱ ደሃና ቢወጣ «ለመነው» ይባላል፤ እኔ ቤት እንዳይሆን ሁለቱም «ለእሱ ታደያለሽ» ይሉኛል። መላ ያመጣችልን ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራው ልጄ ምስራቅ ናት። አጎቶቿ ሁለቱም የሚሳሱላት እሷ ብቻ ስለሆነች፣ «እማዬ፣ ውሃ ላይ ድንበር የለም» ብላ ለሦስታችንም የጀልባዎን ትኬት ገዛችልን፤ ማስታወቂያዎ ላይ «ምሳን ጨምሮ ሁሉን ያካተተ» የሚል አንብባ እሰይ ብላለች። ይህን ሁሉ ያወራሁልዎት ምስጋናዬ ከየት እንደሚነሣ እንዲገባዎት ነው።

አንደኛ፣ «ሁሉን ያካተተ» ስለሚለው ቃልዎ አመሰግናለሁ። ምሳ ሲደርስ ለእያንዳንዳችን በላስቲክ ሣጥን የታሸገ ሩዝ፣ ከላዩ ጥቂት ካሮት፣ ከጎኑ የላስቲክ ማንኪያ ተሰጠን። ገበያው በዕድሜው ለብቻው በልቶ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ሣጥኗን እያገላበጠ «የታመመ ሰው ምሳ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የሁላችንም ምሳ ነው ብለው ማመን አቃተው። እርስዎ ሁሉን አካተዋል፤ አብሮ መብላት ብቻ ነው የቀረዎት፣ ለዚህ ለዚህ ሰው አይወቀስም።

ሁለተኛ፣ ያ የቀረው ነገርም እንዳልጠፋ፣ እላይኛው ፎቅ ላይ እንደሚሸጥ ስለነገሩን አመሰግናለሁ። ምህረት የምትባል ጨዋ አስተናጋጅ ልካችሁልን፣ እላይ ጥላው ስር እንጀራና የፍየል ጥብስ በሰፊ ትሪ እንደሚቀርብ፣ እንግዶች ከአንድ ትሪ እየበሉ እንደሚጎራረሱ፣ ይህም «ልዩ የአንድነት ማዕድ» እንደሚባልና ከትኬቱ ውጭ ተጨማሪ ክፍያ እንዳለው አስረዳችን። ልጅቷን አልቀየማትም፤ እንድትል ያስጠኗትን አለች። እኔ ግን ጉድ አልኩ! ከእናታችን ጡት ከተላቀቅን ጀምሮ በነጻ ስንበላበት የኖርነው ትሪ ልዩ መሆኑን እስከዚያ ቀን የነገረን ሰው አልነበረም። እናታችን ይህን ሳታውቅ ሞተች፤ ብታውቅ ኖሮ የጎረቤት ልጅ ሁሉ ጠርታ ባላበላች ነበር።

ሦስተኛ፣ ይክፈሉ ወይስ አይክፈሉ የሚለውን ጥያቄ መሐል ውሃ ላይ፣ የሚሸሹበት በሌለበት ስላቀረቡልን አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ልብ ይበሉልኝ። ገበያው ቢከፍል በዳዩ እሱ ሊሆን ነው፤ ንጋቱ ቢከፍል በዳዩ እሱ ሊሆን ነው። እኔ ቦርሳዬን ሳወጣ፣ ከንቦቹ ጊዜ ወዲህ በአንድ ነገር ተስማምተው የማያውቁ ወንድሞቼ እኩል ጮኸው «መልሺው!» አሉኝ፤ እያንዳንዱ ለሌላው ላደላ የተነሣሁ መስሎታል። ለምስራቅ ደውዬ እሷ በስልክ ትክፈል ብዬ ባስብ ኃይቁ ላይ ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ ምናልባት ሦስተኛ ፎቅ ሲሠራ በልዩ ክፍያ ይመጣ ይሆናል።

ከዚያ ገበያው፣ ባይናገር ጥሩ ነበር፣ «ከእናቴ ልጅ ጋር ለመብላት የምከፍለው እኔ ምን ሆኜ ነው?» አለ። እሱ የተቆጣው በእናንተ ነው። ንጋቱ ግን የሰማው ሌላ ነው፤ «ለእኔ ሲሆን አይወጣለትም» ብሎ ሣጥኑን አንሥቶ ከጀልባዋ ማዶ ጫፍ ሄደና ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። ገበያው ሲከፋው ወደ አገራችን ቋንቋ ወደ ኽምጥኛ ይዞራል፤ ዞሮም ብዙ ተናገረ፣ ልተረጉምልዎት አልችልም፣ ባለትዳር ነዎት። እኔ መካከል ቀረሁ። እውነቱን ልንገርዎትና ፈራሁ። እነዚህ ሰዎች ከዚህች ጀልባ እንደተኮራረፉ ከወረዱ ሽማግሌ ሁለተኛ አይሰበሰብላቸውም፤ ሦስታችንም ሸብተናል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው በየትኛው ፊቱ ነው ለቅሶ የሚደርሰው? ሣጥኔን ሳልከፍት ወንበሬ ስር አስቀመጥኩት።

አራተኛ፣ ሣጥኖቻችሁን እንዲያ አጥብቃችሁ ስላሸጋችሁ አመሰግናለሁ፤ ይህቺኛዋ ምስጋና ከአሽሙር ንጹሕ ናት ማለት ይቻላል። ገበያው ቢቆጣም ርቦት ስለነበር ክዳኑን ሊከፍት ታገለ። የእሱ እጅ ሞፈር የለመደ እጅ ነው፤ ላስቲኩን አንዴ ቢስበው ሣጥኗ ተተርትራ ሩዙ ከነካሮቱ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ሰው አየኝ አላየኝ ብሎ ሲያቀረቅር፣ ያ ደሃና እርሻው ላይ ሲጮህ ተራራ የሚመልስለት ወንድሜ፣ እንዲያ አንሶ አይቼው አላውቅም። ንጋቱ ከማዶ ያየ አልመሰለኝም ነበር። አይቷል። መጣ፣ ከፊቱ ቁጭ አለ፣ የራሱን ሣጥን ከፍቶ በመካከላቸው አደረገና «ብላ» አለው።

ገበያው ማንኪያውን ወዲያ አለው። እጁን አስገባና ለታናሹ ጠቅልሎ አጎረሰው። ክቡርነትዎ፣ ሩዝ ለጉርሻ የሚሆን እህል አይደለም፤ ግማሹ ንጋቱ ጢም ላይ ቀረ። ንጋቱም በተራው አጎረሰው፣ የእሱም እንዲያው ተንጠባጠበ፤ ጉርሻ ሁለት ላይ ቢቆም ደግሞ ጠብ ያመጣል ተብሎ ሦስተኛ ተጨመረ። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ወደ ኃይቁ ሲያይ እኔ ወደ ሩዝ እያየሁ አለቀስኩ።

አምስተኛ፣ እንባዬ ሳይደርቅ ምህረትን መልሳችሁ ስለላካችሁልን አመሰግናለሁ። ግድግዳው ላይ «ምግብ መጋራት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ መለጠፉን፣ ሁለት ሰው ከአንድ ሣጥን ከበላ እንደ ልዩ የአንድነት ማዕድ እንደሚታሰብ፣ ክፍያውም ስንወርድ እንደሚጠየቅ በትሕትና አሳወቀችን። ምኑ ነው ልዩው ብዬ ብጠይቃት፣ የፈሰሰውን ሩዝ አይታ፣ ወንድሞቼን አይታ፣ አንገቷን ደፍታ «አብሮ መብላቱ» አለችኝ። አፌን ቁርጥ ይበለው፣ ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር አጥቼ ዝም አልኩ፤ በእኔ ዕድሜ ዝም ያሰኘኝ ድርጅት የእርስዎ የመጀመሪያው ነው፣ ይህም ይመዝገብልዎት።

ከጀልባዋ ስንወርድ ሒሳብ ተቀባዩ መውጫው ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ይጠብቀናል። እኔ እንደገና ጠብ ሊነሣ ነው ብዬ በመካከላቸው ልቆም ስሮጥ አልደረስኩም። ገበያው ኪሱ ገባና «ከእኔ ተቀበል» አለ። ይህን ሲል ምን እያለ እንደሆነ ሒሳብ ተቀባዩ አያውቅም፤ ንጋቱ ግን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ የደሃናና የጽጽቃ ሽማግሌ ሁሉ ያውቃል። ንጋቱ የወንድሙን እጅ ያዘና «ኧረ የለም! ታላቄ ነው፣ እሱ አይከፍልም፣ ከእኔ ነው የምትቀበለው» አለ። ገበያው «እኔ ነኝ» ይላል፤ ንጋቱ «እኔ ነኝ» ይላል፤ ሽማግሌ ስንት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከአንዳቸው አፍ ሊያወጣው ያልቻለውን ቃል ሁለቱም ተሻምተው እዚያ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ሁለቱም ገንዘባቸውን ዘረጉ፤ ሁለቱም አለቀሱ።

የእርስዎም ሰው፣ እግዜር ይስጠው፣ ከሁለቱም ተቀበለ።

እንግዲህ ክቡር አቶ ይሄይስ፣ ስድስተኛ ምስጋና የለኝም። እርስዎ በሠሩት ሥራ እርቁ ጸንቷል፤ ባለፈው ሳምንት ንጋቱ ደሃና ወጥቶ አንድ ቀፎ ሲያሰቅል አድሮ መጣ፣ ማን ሄደለት ማን ለመነው ያለ ሰው አልሰማሁም። ስለዚህ ሽማግሌዎቻችን በሚቀጥለው እርቅ ላይ ከጎናቸው ቢቀመጡላቸው ወደድኩ፤ እነሱ ያለ ደመወዝ የሚሠሩትን ሥራ እርስዎ በሁለት እጥፍ ገቢ ስለሠሩት ልምድዎን ቢያካፍሏቸው መልካም ነው። ማካፈል ክልክል ካልሆነ ማለቴ ነው።

ትሪዎ ይብዛ፣ ፎቅዎ ይጨመር፣ ሞተርዎም ማስነጠሱን ይተው እያልኩ፣ ለድርጅትዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮትና ከዚያ በማያንስ ትዝብት ጋር፣ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እጅ ነሥቼ እሰናበትዎታለሁ።

ተዋበች
ጡረተኛ መምህርት፣ ሰቆጣ

ግልባጭ፦
ለወንድሜ ለገበያው፣ ደሃና
ለወንድሜ ለንጋቱ፣ ጽጽቃ
(ማን ቀድሞ ደረሰው እንዳይባል በአንድ ቀን የተላከ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ አንብበው ኅሊናዎ ቢነካ፣ ብዙም አልሰጋም እንጂ፣ ከሁለት ሰው ለአንድ ሣጥን የተቀበሉትን ሒሳብ የአንደኛውን ልመልስ ብለው እንዳይነሡ አደራዎን። ለገበያው ቢመልሱ በዳዩ ንጋቱ ሊሆን ነው፤ ለንጋቱ ቢመልሱ በዳዩ ገበያው ሊሆን ነው። ሁለቱንም ያስቀምጡት። በወንድሞቼ መካከል የሆነውን ሁሉ ካየሁ በኋላ፣ ጥፋተኛ ሳይገኝ ከሚቀር ጥፋተኛው እርስዎ ቢሆኑልን ይሻላል።