የ2009 ሞዴሏ

ጂንካ፣ ሐሙስ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማርቆስ ከሚያስተምርበት ዲመካ የሚመላለስባት ያገለገለች ትንሽ የቤት መኪና ሊገዛ ነው። ደላላው ጠዋት ሁለት አሳየን፤ አንዷ የ2009 ሞዴል፣ ሌላዋ የ2010። የመጀመሪያዋን እንዳይነካት ነገርኩት። ታላቅ ወንድሙ ዳንኤል ወደ ዲመካ በሚወስደው የካኮ ቁልቁለት ላይ በመኪና አደጋ የሞተብኝ በ2009 ነው።

«እማ፣ ሞዴል እኮ በፈረንጅ ነው የሚቆጠረው። በእኛ ገና 2001 ነበር።»

«አውቃለሁ። ቁጥሩ ግን ቤቴ አይገባም።»

ደላላው «ማዘር፣ የሚሄደው ሞተሩ እንጂ ቁጥሩ አይደለም» ብሎ ሳቀ። ማርቆስ አልሳቀም።

ከሰዓት መካኒኩ ጋ ሆኖ ደወለልኝ። «የ2010 ሞዴሏ ተገልብጣ የተሠራች ናት፤ ሻንሲዋ ተበይዷል። ያቺኛዋን ምንም አልነካትም። አንቺ ካልሽ ግን የተበየደችውን እወስዳለሁ፤ ቀስ ብዬ እነዳለሁ።»

ዳንኤልም ቀስ ብዬ እነዳለሁ ብሎኝ ነበር የወጣው። ይሄኛው ደግሞ ለእኔ ሐዘን ብሎ በተበየደ መኪና ያንን ቁልቁለት ሊወርድ ነው። 

«እማ፣ አለሽ?»

«የ2009 ሞዴሏን ውሰድ» አልኩት። ዓመቱን በአፌ ስጠራው ከስምንት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሊመሽ ሲል ይዟት ይመጣል። ወጥቼ ላያት እችል እንደሆነ አላውቅም።