አርሊ ጋ ያልደረስንበት ቅዳሜ

ኤፕሪል 21፣ ሰኞ

የጦር ካምፑ ጋራዥ ውዬ መጣሁ። የሁለት ጭነት መኪና ፍሬን ቀየርኩ፣ ሌሎቹ አንዱን ሳይጨርሱ። ሳጅኑ አየኝና አለፈ። ምን ይላል? እጄን ያውቀዋል።

ምሳ ላይ የጋራዡ ባልደረባዬ ሬይፎርድ ቅዳሜ የት ጠፋህ አለኝ። ፕራግ አልኩት።

"ቅዳሜ ሄደህ እሁድ ተመለስክ?"

"ቅዳሜ ሄጄ ቅዳሜ ተመለስኩ።"

አፉን ከፈተ። ጀርመን ከመጣን ዓመት አልሞላንም፣ ካምፑ ውስጥ ግን የኔን ያህል አገር የረገጠ የለም። ዌስት ቨርጂኒያ ያሉት ወንድሞቼ ከቀበሌያቸው ወጥተው አያውቁም።

ሚስቴ ግን አኩርፋለች። "ከፕራግ ምን አየሁ? መኪና ማቆሚያና ሽንት ቤት" ትላለች ሼልቢ። ሽንት ቤት ገብተሽ ከወጣሽ አገሩ ተቆጠረ... ሕጉ ይሄ ነው። ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ኤፕሪል 29

ናና መጡ። የሼልቢ አያት ናቸው። ስማቸው ኦፓል ነው፣ እኛ ናና ነው የምንላቸው። በዚህ ዕድሜያቸው አውሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው። ዱላቸውን ይዘው ሲወጡ፣ "ናና፣ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረው ምን ይዘውልኝ መጡ?" አልኳቸው።

"አፍህን የምዘጋበት ነገር ፈልጌ አጣሁ" አሉኝ። እወዳቸዋለሁ።

የመጡት ለአርሊ ነው። ታላቅ ወንድማቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ልጅ እግር ሳለ እዚህ ጎረቤት ፈረንሳይ ሞተ፣ እዚያው የአሜሪካ ወታደሮች መቃብር ውስጥ ተቀበረ። ናና ያኔ ሕፃን ነበሩ። ከዘመዱ አንድም ሰው መቃብሩን አይቶ አያውቅም። ከቤታችን በመኪና አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።

"ከመጣን ጀምሮ እንሂድ ስልህ ነበር" አለችኝ ሼልቢ። እውነቷን ነው። ግን ቅርብ ነው እኮ። ቅርብ ነገር የት ይሄዳል?

ሜይ 2፣ ዓርብ

ነገ እንሄዳለን። ሼልቢ የዚህን አገር የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለቴ ወድቃለች፣ ስለዚህ ናና የኔን እረፍት ሲጠብቁ ሰነበቱ። እሁድ ጠዋት ደግሞ ይመለሳሉ፤ ባላቸው ታመው አልጋ ላይ ናቸው፣ ከዚያ በላይ የሚያስታምማቸው ሰው የለም። ዛሬ ቀሚሳቸውን ራሳቸው ተኮሱ። ሼልቢ እኔ ልተኩስልዎ ብትል እምቢ አሉ።

ሜይ 3፣ ቅዳሜ

እንዴት አድርጌ ልጻፈው...

ጠዋት ስንነሳ ሐሳቤ ጥሩ ነበር። እውነቴን ነው። ሰው እዚህ ድረስ መጥቶ አንድ መቃብር ብቻ አይቶ ይመለሳል? በሉክሰምበርግ ዞረን፣ ቤልጂየም ገብተን፣ ከዚያ ወደ ፈረንሳይ። ሦስት አገር በአንድ ቀን። ለቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች የሚያወሩት ይኖራቸዋል ብዬ።

"መጀመሪያ አርሊ ጋ" አለች ሼልቢ።

"መጨረሻ ላይ ይሻላል፣ ተረጋግተው ይቀመጣሉ።"

ሉክሰምበርግ ቤንዚን ርካሽ ነው፣ ግማሹ ጀርመን እዚያ ተሰልፏል። እኛም ተሰለፍን። ቤልጂየም ስንደርስ ትንሿ ልጄ ኬይሊ ዋፍል ግዙልኝ አለች፣ ቸኮሌት የተቀባውን ጣፋጭ ቂጣ ገዛንላት። የናናን ቀሚስ ቸኮሌት በቸኮሌት አደረገችው። አልተቆጧትም። ከኋላ ወንበር ሆነው ብቻ፣ "ዳስቲ፣ ልጄ፣ ከዚህ ሩቅ ነው?" አሉኝ።

"ደረስን ናና።"

የት ደርሰን? ከዚያ መንገድ ሥራ ገጠመን። ቆመን ቀረን።

"ቢዘጋብንስ?" አለች ሼልቢ።

ሳቅኩባት። እኛ አገር መቃብር ከቤታችን በላይ ኮረብታው ላይ ነው፣ አጥር የለው፣ በር የለው፣ ላም ይገባበታል። "መቃብር ይዘጋል እንዴ? ማን እንዳያመልጥ?" አልኳት። ናናም ሳቁ። እሳቸውም የሚያውቁት የኮረብታውን ነው።

ስንደርስ ተዘግቷል። ትልቅ የብረት በር። ሰዓቱ ተጽፎበታል፣ ያውም በእንግሊዝኛ።

ነቀነቅኩት። ጮህኩ። ወታደር ነኝ አልኩ... ለማን? ማንም የለ። አጥሩን ልዝለል ስል ሼልቢ፣ "አንተ ትዘላለህ፣ እሳቸውንስ ትወረውራቸዋለህ?" አለችኝ።

ናና ብረቱን ይዘው ቆሙ። ውስጡ ነጭ መስቀል ብቻ ነው፣ እስከ ዛፎቹ ድረስ። "የትኛው ነው?" አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ግን አላውቅም ማለት አቃተኝ። በቀኝ በኩል፣ ከወዲያ ማዶ ነው አልኳቸው። ዝም ብዬ ነው ያልኩት። ወደዚያ ዞሩና፣ "አርሊ፣ ኦፓል ነኝ" አሉ። ቀስ ብለው፣ ሌላ ክፍል ያለ ሰው እንደሚያናግሩ።

መኪና ሲገቡ "በል ንዳ፣ ልጅቷ እንቅልፏ መጥቷል" አሉኝ።

ሜይ 4

ሸኘናቸው። "ናና፣ ይቆጡኝ" አልኳቸው። "ተቆጥቼህ ምን አተርፋለሁ" አሉና አቀፉኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሜይ 6

ሬይፎርድ፣ "ቅዳሜስ ስንት አገር?" አለኝ። መኪናው ሥር ገባሁ።

ሜይ 10፣ ቅዳሜ

በቀጥታ አርሊ ጋ ሄድን። በሩ ሲከፈት ቆመን ነበር። አንድ ፈረንሳዊ ሠራተኛ ስሙን ጠይቆን ይዞን ሄደ። ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ ግራ። ማዶ ሳይሆን እዚሁ በሩ ጋ። ናና ወደ ግራ ዞር ቢሉ ይታያቸው ነበር... ይሄን ባላውቅ በተሻለኝ።

ሰውየው በባልዲ እርጥብ አሸዋ ይዟል። በጦርነቱ ወታደሮቹ ከመርከብ ከወረዱበት የባሕር ዳርቻ የመጣ አሸዋ ነው አለ። ስሙ ላይ በእጁ አሸው፣ ነጩ ድንጋይ ላይ የማይነበበው ፊደል ብቅ አለ። ለፎቶ ነው፣ በኋላ ዝናብ ያጥበዋል። "አንተ ምኑ ነህ?" አለኝ። የእህቱ የልጅ ልጅ ባል ነኝ አልኩት። ስናገረው አነሰብኝ።

እነ ናና ጋ ገና አልነጋም ነበር። እስኪነሱ ድረስ ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ደወልኩ።

"ናና፣ አርሊ ጋ ነኝ። ስሙ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ፎቶ እልክልዎታለሁ።"

"የመቃብሩ ፎቶማ ድሮ ተልኮልን አለኝ። እኔ አጠገቡ መቆም ነበር የፈለግኩት።" ቀጠሉና፣ "ያ ማዶ፣ ዛፍ ጥላ አለው?" አሉኝ።

አለው ብል ማን ያውቃል? ሼልቢ እያየችኝ ነበር።

"ማዶ አይደለም ናና። ዋሽቼዎት ነው። በግራ ነው፣ በሩ አጠገብ።"



"ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር በለኛ" አሉ።

"አዎ ናና።"

"በል ስልኩን እሱ ጋ አስቀምጥና አንተ ዞር በል።"

መስቀሉ ሥር አስቀመጥኩት። ኬይሊን ይዤ ራቅ አልኩ። ድምፃቸው ይሰማል፣ ምን እንደሚሉት ግን አይሰማም። ቆይቶ ጸጥ አለ። ሄጄ ሳነሳው መስመሩ አልተቋረጠም፣ ሲተነፍሱ እሰማለሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቆምኩ።