ዳልቻ በሬዬ ቅዳሜ ገበያ አይወጣም

ማንኩሳ፣ ግንቦት ፳ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች እጅጉ፣ ለማንኩሳ ገበያ ሹም፤

ጤና ይስጥልኝ፣ ጌታዬ። እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ እንዴት አለ? ሲበሉ የሚያቃጥልዎ ደረትዎስ ተሻለዎ? በቅሎዎ ደኅና ናት? ጎተራዎ፣ በረትዎ፣ የሰው ዕዳ የተጻፈበት ወረቀት የሚያድርበት ያ ጥቁር ሣጥንዎ፣ ሁሉም ደኅና ነው? እኔ ሀብትነሽ፣ የሟቹ የላቀው ሚስት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ ጉልበቴ ይንቋቋል፣ ጥርሴም አራት ቀርቶኛል፤ ምላሴ ግን እርስዎ እንደሚያውቁት ምንም አልሆነም።

እናትዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እርሻ ሲወርዱ እርስዎን እኔ ዘንድ ትተውዎት ይሄዱ ነበር። ያን ጊዜ አፍንጫዎን እየጠረግሁ «አንተ» እልዎ ነበር። ዛሬ ግራዝማች ሆነዋልና «እርስዎ» እላለሁ፤ አልፎ አልፎ ምላሴ ቢስት በለመደው መንገድ ሄዶ ነውና ይታገሡኝ።

ይህን ቃሌን በወረቀት ያሰፈሩልኝ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ናቸው። እሳቸው ደግ ሰው ናቸው፤ «እዚህ ላይ ትንሽ እናለዝበው፣ እዚያ ላይ ትንሽ እናሳጥረው» እያሉ ብዙ ለመኑኝ፤ እኔ እምቢ አልኩ፤ እንደወጣ ይጻፍ አልኩ። ስለዚህ ቀለሙ የእሳቸው ነው፣ ነገሩ የእኔ ነው፤ የሚቆጡ ከሆነ ቤቴን ያውቁታል።

ደብዳቤውን ለብቻዎ ልልክልዎ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን እርስዎ ባለፈው ቅዳሜ ነጋሪት መቺዎን በገበያው መካከል አቁመው፣ «የላቀው ሚስት ሠላሳ አንድ ብር ዕዳ አለባት፤ እስከ መጪው ቅዳሜ ካልከፈለች ዳልቻ በሬዋ ይወሰዳል» ብለው ስላስነገሩልኝ፣ ውለታዎን በስውር መመለሱ ነውር መሰለኝ። ስልሳ ዓመት ስኖር ስሜ በነጋሪት ተጠርቶ አያውቅም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለዚህ ይህ ቃል ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ይነበባል፤ ቅዳሜ ደግሞ ነጋሪትዎ በተመታበት ዋርካ ሥር ይደገማል።

አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ስለ ተዝካሩ። ላቀው በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ማለቂያ ሲሞትብኝ እኔ ያሰብሁት ለካህናቱ ዳቦና ጠላ አዘጋጅቼ፣ ለድሆችም ንፍሮ በትኜ ልጨርስ ነበር። ያለኝ ያው ነበር፤ ላቀውም በቁሙ ከዚህ በላይ አልጠየቀኝም። እርስዎ ግን ለቅሶ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ኧረ እማማ ሀብትነሽ፣ ላቀውን የሚያህል ሰው በንፍሮ ይሸኛል? ሰው ምን ይላል?» አሉኝ። ሰው ምን እንደሚል ከእርስዎ በቀር ማንም አልነገረኝም ነበር። ከዚያም መጋቢት ሲገባ ሃያ ጠገራ ብር ከሣጥንዎ አውጥተው በእጄ አስጨበጡኝ፤ በሃያው ላይ በየወሩ አንድ ብር ወለድ፣ መያዣው ዳልቻ በሬ። በብሩ ሌላ በሬ ተገዝቶ ታረደ፣ ጠላው ሞላ፣ በአርባው ቀን አገር በላ። ከሁሉ በላይ የተቀመጡት እርስዎ ነበሩ፤ ሻኛውንም ለእርስዎ ያቀረብሁት እኔ ነበርሁ። በገንዘብዎ በልተው፣ አፍዎን ጠርገው፣ ለበሉት ምግብ ወለድ እኔን የሚያስከፍሉ ሰው በማግኘቴ ምን ያህል እንደታደልሁ ያን ዕለት አልገባኝም ነበር።

ዕዳ የለብኝም አልልም። ይህን መሪጌታ በደንብ ይጻፉልኝ ብያለሁ። ተበድሬያለሁ፤ ሐዘን ላይ ብሆንም እጄን የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ እከፍላለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ቁጥሩ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ፈትል ግን አውቃለሁ። ብሩን የተቀበልሁ ዕለት አንድ ረጅም ክር ፈትዬ ከምሰሶው ላይ አሰርሁ፤ አንድ ብር በከፈልሁ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ቋጠርሁበት። ዛሬ ቋጠሮው ሃያ ዘጠኝ ነው። ከሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት መጋቢት እስከዚህ ወር ድረስ ሃያ ሰባት ወር ሆኗል፤ ሃያ ሰባት ብር ወለድ ከሃያው ጋር አርባ ሰባት። ሃያ ዘጠኙን ሲያነሡለት አሥራ ስምንት ይቀራል። መሪጌታም በጠጠር አስልተው አሥራ ስምንት ነው ብለዋል። የእርስዎ ወረቀት ግን ሠላሳ አንድ ይላል።

አሥራ ሦስቱ ከየት መጣ ብዬ ብጠይቅዎ፣ ወለድ ሳላመጣ ባለፈኝ በእያንዳንዱ ወር አንድ አንድ ብር ቅጣት እንዳስገቡበት በትዕግሥት አስረዱኝ። ስንበዳደር ቅጣት የሚባል ነገር አልሰማሁም፤ ምናልባት እኔ ሳለቅስ እርስዎ በልብዎ ተናግረውት ይሆናል። እውነት ነው፣ አሥራ ሦስት ወር ባዶ እጄን ቀርቻለሁ። የእኔ ገንዘብ እንደ እርስዎ ደመወዝ ቀን ቆጥሮ አይመጣም። ከቡሬ ምሽግ አስካሪው፣ የባዕዱ ወታደር፣ ለገበያ ሲመጣ ጠላዬ ይሸጣል፤ መንገዱን የጫካ ሰዎች ሲዘጉት ጠላው ሆምጥጦ ለጎረቤት ይታደላል። ከሽንዲ ቆላ ጥጥ ሲወጣ ፈትዬ ለሸማኔ እሸጣለሁ፤ ጥጥ ነጋዴው ሲፈራ እንዝርቴ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። አንዱ ወር ሦስት ብር ይሰጠኛል፣ ሁለቱ ወር ምንም። በሰጠኝ ጊዜ በማግሥቱ ከደጅዎ ነበርሁ፤ ከዐሥሩ ጊዜ ዘጠኙን በረኛዎ «ተኝተዋል» እያለ አቁሞኛል። የአንገት ድሪዬን ሸጫለሁ፤ የላቀውን በርኖስ ሸጫለሁ፤ ጦም ባልሆነ ቀን እየጦምሁ አራት የልጅ ልጆች አብልቻለሁ። በርኖሱን የገዙኝ እርስዎ ስለሆኑ ይህን መዘርዘሬ ለእርስዎ አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያውም ያምርብዎታል፤ ትንሽ ይረዝምብዎታል እንጂ።

ሦስተኛ፤ ስለ ሊሬው። ካለፈው መስከረም ጀምሮ በዚያው ነጋሪት ምን እንዳስነገሩ አስታውሳለሁ፤ ገበያ ለገበያ ስለደጋገሙት የልጅ ልጆቼም በቃላቸው ይዘውታል። «ሊሬ ገንዘብ ነው፤ አልቀበልም ያለ ይገረፋል።» እኔም ፈራሁ፤ አስካሪው ለጠላ በሚሰጠኝ ሊሬ ቋቴን ሞላሁ። ከዚያ ሊሬዬን ጠቅልዬ ለዕዳዬ ይዤልዎ ብመጣ፣ በሁለት ጣትዎ አንሥተው እንደ እርጥብ አይጥ እያዩት፣ «እኔ ያበደርሁሽ ብር ነው፤ ብር አምጪ» አሉኝ።

ጌታዬ፣ እኔ ያልተማርሁ ሴት ነኝና ይህን ነገር እርስዎ ይፍቱልኝ። ሊሬ ገንዘብ ከሆነ ዕዳዬን ለምን አልተቀበሉኝም? ገንዘብ ካልሆነ ደግሞ በርበሬ ሻጯን ወለተ ኢየሱስን አልቀበልም ስላለች ብቻ በዚያ ገበያ ለምን አስገረፏት? ጀርባዋን በቅቤ ያሸሁት እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለቡሬው ሹማምንት ልኬ የገዛ አዋጅዎን እንዳፈረሱ ማስነገር እንደምችል የመከሩኝ ሰዎች ነበሩ። አላደርገውም። አፍንጫውን የጠረግሁትን ልጅ ለባዕድ ከስሼ አልሰጥም፤ ይህን ያህል እንኳ ልዩነት በመካከላችን ይኑር። የሹመትዎን አመጣጥም አንድ ቃል አላነሣሁም፤ አለማንሣቴን ልብ ይበሉልኝ።

አራተኛ፤ ስለ በሬው። ነጋሪት መቺዎ «በሬዋ» ብሎ ጠራው፤ ትክክል አይደለም። ዳልቻ ግማሽ ጥማድ ነው። ሌላው ግማሽ የጎረቤቴ የዳኘው ቀዩ በሬ ነው፤ ሁለቱን አቀናጅተን ሁለት ቀን የእሱን፣ ሁለት ቀን የእኔን እናርሳለን። ዳኘው በሁለቱም ማሳ እርፍ ይይዛል፤ እኔ ዘር አቀርባለሁ፣ አረም እነቅላለሁ። እንግዲህ በዚህ በግንቦት፣ ዝናቡ አፈሩን ባለሰለሰበት ሳምንት፣ ዳልቻን ቢነዱት የዳኘው ቀዩ ብቻውን ሊያርስ ነው? ለአንድ ባለዕዳ ብለው የሁለት ቤት ዳጉሳ ያስቀራሉ፤ ዳኘው ደግሞ ከእርስዎ ያልተበደረ በዚህ አገር የቀረ ብቸኛ ሰው ነው። ምናልባት በመጪው ዓመት እሱንም ወደ ሣጥንዎ ለማስገባት አስበው ከሆነ፣ አርቆ አሳቢነትዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

ዋስ ጥሪ ብለውኛል። ዞሬ ጠየቅሁ፤ ሁሉም «እናት፣ በእርስዎ ጨክነን አይደለም፣ በእሱ ፈርተን ነው» አለኝ። «እሱ» ያሉት እርስዎን ነው፤ እኔ «እሳቸው» እንዲሉ አርሜአቸዋለሁ።

እንግዲህ ዋስ ከሌለኝ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። የአባቶቻችን ሥርዓት አለ። ባለገንዘብና ባለዕዳ ሳይስማሙ ሲቀሩ፣ የነጠላቸው ጫፍ ከጫፍ ይቋጠራል፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ነገሩን ሰምቶ እስኪፈታቸው ድረስ ሁለቱ ቁራኛ ሆነው አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይውላሉ። እርስዎ ይህን ትተው ከሳሽም፣ ዳኛም፣ ነጋሪት አስመቺም ራስዎ ሆኑ። እኔ ግን መብቴን እጠይቃለሁ። ይቋጠሩኝ።

ቅዳሜ ጧት ከዋርካው ሥር ነጠላዬን አጥቤ እጠብቅዎታለሁ። ጫፏን ከጫፍዎ አጥብቀው ይሰሩልኝ፤ በቋጠሮ የምታማ ሴት አይደለሁም። ገበያውን ሲዞሩ አብሬ እዞራለሁ፤ ከጨው ሻጩ ቀረጥ ሲቀበሉ ቆሜ አያለሁ፤ ስንት እንደተቀበሉም ጮክ ብዬ እቆጥርልዎታለሁ። ቡሬ ሲወርዱ በቅሎዋ ላይ ከኋላዎ እፈናጠጣለሁ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ እኔም ብዙ ወሬ አለኝ። ስለ ተዝካሩ ሻኛ ገና ከመንደሩ ሳንወጣ እጀምራለሁ፤ ስለ ልጅነትዎ ምሽጉ በር ላይ ስንደርስ እጨርሳለሁ። ከምሽጉም በሹማምንቱ ፊት በአንድ ነጠላ እንቀርባለን። ምሳ ሲቀርብ ከመሶቡ አጠገብ ነኝ፤ ጥርሴ አራት ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የምበላው። ማታ ቤትዎ ስንገባ ለባለቤትዎ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እኔ በእንቅልፌም እናገራለሁ። ሽማግሌ እስኪጠሩ ድረስ በዚሁ እንቆያለን። እኔ የሚያስቸኩለኝ የለም፤ በሬዬን ዳኘው ያርስበታል።

ሽማግሌ የተቀመጠ ዕለት እርስዎ ወረቀትዎን ይዘው ይምጡ፣ እኔ ክሬን ይዤ እመጣለሁ። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በሰው ፊት እንፈታቸዋለን፤ የትኛውን ከድሪዬ፣ የትኛውን ከላቀው በርኖስ እንዳመጣሁት አስታውሳለሁ። የተፈረደብኝን እከፍላለሁ፤ በብር ሳገኝ በብር፣ አለበለዚያ አዋጅዎ ባለው ገንዘብ።

ዕድሜ ይስጥዎ፤ ያበደሩትን ሁሉ ተቀብለው እስኪጨርሱ፣ የተበደሩትንም ከፍለው እስኪጨርሱ በጤና ያኑርዎ። አክባሪዎ፣ ደንበኛዎ፣ የሣጥንዎ ቀለብ ሰፋሪ፣ የቀድሞ ሞግዚትዎ፣

ሀብትነሽ
(ስለማልፈርም አውራ ጣቴን በቀለም አትሜአለሁ፤ የመሪጌታ ክንፈሚካኤል እጅ አለበት።)

የረሳሁት፤ በሠላሳ ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት፣ ለሹመትዎ ደስታ ከቤቴ ሦስት ጋን ጠላ አስወስደው ነበር፤ «ነገ እከፍላለሁ» ብለውኝ። የጠላው ዋጋ በጋን ሁለት ሁለት ብር፣ ጠቅላላው ስድስት ነው። ለዚያም ክር ነበረኝ፤ አንድም ቋጠሮ የለበትም። እኔ ወለድ አላውቅም፤ ነገር ግን እርስዎ ባስተማሩኝ ቅጣት፣ ባልከፈሉበት ለእያንዳንዱ ወር አንድ ብር ጨመርሁበት። ከዚያ ዓመት ኅዳር እስከዚህ ግንቦት አሥራ ዘጠኝ ወር ነው፤ ከስድስቱ ጋር ሃያ አምስት ብር። ይህን ከሠላሳ አንድዎ ላይ ቢያነሡት ስድስት ብር ብቻ ይቀርብኛል። ቅጣት የለም ካሉኝ ደግሞ ከአሥራ ስምንቱ ስድስቱን እናንሣና በአሥራ ሁለት እንስማማ፤ ምርጫው የእርስዎ ነው። ሂሳቡን መሪጌታ በጠጠር ሁለት ጊዜ አይተውታል።

ጋኖቹንም አልመለሱም። ቅዳሜ ነጠላዎን ለቋጠሮ ሲያመጡ አብረው ያስይዙልኝ፤ ማክሰኞ ጠላ ልጠምቅ ነው። ረቡዕ ደግሞ ዳልቻ ይጠመዳል።