ልጃችን ምንዋጋው የሠራው ማርሚታ እንዳይቆረጥ ስለመለመን

ለተከበሩ አቶ ምሳው፣
በሰቆጣ አሮጌ ተሽከርካሪዎችን ወደ ነበሩበት የመመለሻ ዴስክ ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና በሥርዎ ያሉት ባለሙያዎች ሁሉ እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ ለመድኃኔ ዓለም ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለን። ከሁሉም በላይ ለጆሮዎ ጤንነት አጥብቄ እጸልያለሁ፤ በገበያው ቀን ሞተራችን በቢሮዎ ደጅ ሲያልፍ ስብሰባ ላይ እንደ ነበሩና እንደ ደነገጡ ሰምቼ ከልብ አዝኛለሁ። ስብሰባው እንደ ተፈጸመ፣ ከተፈጸመም በኋላ ለሌላ ስብሰባ እንዳበቃችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስሜ መሪጌታ ደጅይጥኑ ወልደ ኢየሱስ ይባላል። ከከተማዎ ወጣ ብሎ ወደ ደሃና በሚወስደው መንገድ፣ ዳገቱ ላይ ባለችው ኪዳነ ምሕረት ዜማ አስተምራለሁ። በስሜ ባያውቁኝ እንኳ ጥምጣሜን ነፋስ እንዳይወስድብኝ በነጠላ ከአገጬ ጋር አስሬ፣ በአሮጌ ያማሃ ስወጣና ስወርድ፣ ልጆችም «መሪጌታ ዶቅዶቄ» እያሉ ሲከተሉኝ ሳያዩኝ አልቀሩም። ይህችን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍሁት በቢሮዎ በኩል ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች በጥሩ ሁኔታ ተጠብቀው እንደሚገኙ ስለ ተነገረኝ፣ በእነሱ ላይ ሌላ ጨምሬ መደርደሪያዎን ላለማስጨነቅ ነው። ቅሬታዎቼ እነሆ፦

አንደኛ፤ ስለ ምርመራው ጥልቀት ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ባለሙያዎችዎ ሞተሩን ወደ ግቢያችሁ ወስደው ከላይ እስከ ታች በእጅ ባትሪ መርምረው «ከፋብሪካ ከወጣበት ሁኔታ ውጭ የተነካካ» ብለው ጽፈዋል። ሰቆጣ በሙሉ የሚያውቀውን ነገር ለማግኘት ይህን ያህል መድከማቸው የሚያስመሰግን ነው። እውነታቸውን ነው፣ ተነካክቷል፤ የነካካውም ልጃችን ምንዋጋው ነው። ሞተሩን ከአንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ ሲገዛው ለሜዳ አገር የተስተካከለ ስለነበረ የእኛ ዳገት ላይ ሲደርስ ይታፈን ነበር። አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል፤ ከዚያ በኋላ መንዳቱ ይቀርና መግፋት ይሆናል። እንደ ዛሬዎቹ ሞተሮች ዘይቱ ለብቻው የሚቀመጥለት አይደለም፤ ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅለው የሚያጠጡት የድሮ ዓይነት ነው፤ በጭሱ የተነሣ እናቱ «ይህን ነገር ከልብሴ አርቅልኝ» ትለው ነበር።

ምንዋጋው የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ በጠባብ ለወጠ። የሲሊንደሩን የጭስ መውጫ በሞረድ ቀስ እያለ ሞረደ። የፋብሪካውን ማርሚታ፣ ማለት የጭስ ማውጫ ቱቦውን፣ አውልቆ ጣለና ከበርሜል ላሜራ የራሱን ቆርጦ በየደ፤ አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ጅራቱ ቀጭን የሆነ። በይዶ ያስነሣና «አባ፣ እስቲ ስማው» ይለኛል። እኔ ስለ ሞተር የማውቀው አልነበረም፤ ድምፅ ግን ዕድሜዬን በሙሉ ያስተማርሁት ነገር ነውና «ከፍ ሲል ይሰበራል» እለዋለሁ። ጣት ያህል ቆርጦለት እንደገና ይበይደዋል። እኔ «አሁንም» ስለው ይሥቃል እንጂ አይሰለችም። ብዙ ከደከመ በኋላ ሞተሩ ዳገቱ ሥር ሲደርስ በግዕዝ ዜማ እንደ ጀመረ መምህር ዝግ ብሎ ይነሣና፣ መታጠፊያው ላይ ሳይሰበር ወደ ከፍተኛው ዜማ ወደ አራራይ መውጣት ጀመረ።

አንድ ቀን ምን እንዳደረገው ጠየቅሁት። በዚህ ዓይነት ሞተር ውስጥ ገና ያልተቃጠለው ቤንዚን ከጭሱ ጋር ተከትሎ በማርሚታው እንደሚያመልጥ፣ የማርሚታው ቅርፅ ልክ ከሆነ ግን የሞተሩ የገዛ ድምፁ ከጅራቱ ተመልሶ ያመለጠውን ወደ ቤቱ እንደሚገፋው አስረዳኝ። «ወጥቶ የሄደውን የሚመልሰው ድምፁ ነው አባ» አለኝ። ያን ጊዜ ሥቄ አለፍሁት። አሁን ሳስታውሰው አልሥቅም።

ሁለተኛ፤ ሞተሩ «የአካባቢውን ሰላም ይነሣል» መባሉን በተመለከተ፣ ስለ አካባቢያችን ሰላም በመጨነቅዎ መንደሩ በሙሉ ተደንቋል። ነገር ግን ምናልባት ያልደረሰዎት ወሬ ካለ ልንገርዎ። ምንዋጋው እንደ ብዙዎቹ የዋግ ልጆች በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ለመሻገር ወጣ። ከመሄዱ በፊት መንዳት አስተማረኝ፤ ከቁልቋል ውስጥ ደጋግሜ ከገባሁ በኋላ ለመድሁት። «እስክመጣ ድምፁ እንዳይለወጥ» ብሎ አደራ ሰጠኝ። ከባሕሩ ወዲያ ማዶ አንዴ ደወለ። ከዚያ በኋላ አልደወለም። አብሮት የወጣ የጎረቤት ልጅ ተመልሶ ሲመጣ፣ የሳዑዲ ድንበር ላይ ሲበታተኑ ከዚያ ወዲህ እንዳላየው ነገረን፤ ከዚህ የበለጠ የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘንም።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ለዚህ አገር ሰው ፍትሐት ሳደርስ የኖርሁ ሰው ነኝ። የልጄን ስም ግን የት እንደማደርገው አላውቅም። ክርስትና ስሙን ገብረ አምላክን ከሕያዋን ጋር ስጠራው ቶሎ ወደሚቀጥለው ስም አልፋለሁ፤ ከሙታን ጋር ልጠራው ስል አፌ እምቢ ይለኛል። ተዝካር አላወጣንለትም፤ እንኳን ደኅና መጣህ ብለንም አልደገስንለትም።

ባለቤቴ ወለተ ሐና ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ለእሷ የልጃችን ፎቶግራፍ ወረቀት ነው። ያላት ይህ ድምፅ ነው። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከታች መታጠፊያው ላይ ስትሰማው ወጥታ በሩ ላይ ትቆማለች። እንዳይሳሳቱ፣ አእምሮዋ ደኅና ነው፤ የምመጣው እኔ መሆኔን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ እንዲያውም ወርጄ ሰላም ስላት ትንሽ ቅር እንደሚላት ከፊቷ አያለሁ። በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጛ «ሳታጠፋው ጥቂት ቆይ» ትለኛለች፤ እጇንም ወደ ማርሚታው ታስጠጋለች፤ ሙቀቱ እስኪሰማት ድረስ። «እሱ አይደለም፤ እጁ ግን ነው» ትላለች። በጦርነቱ ማግሥት ቤንዚን ጠፍቶ ሞተሩ በቆመ ጊዜ እንኳ ከጠርሙስ ግርጌ ጥቂት አስቀርቼ ግቢ ውስጥ አስነሣላት ነበር። የአካባቢው ሰላም ሲቆጠር የእሷ እንዳልተቆጠረ ከውሳኔው ተረድቻለሁ። ሞተሩን ከወሰዳችሁት ወዲህ ቤታችን እንደ ወደዳችሁት ጸጥ ብሏል።

ሦስተኛ፤ ትእዛዙ። ማርሚታው በሚቀጥለው ሳምንት ተቆርጦ እንዲወገድ፣ የተሞረደውም ሲሊንደር በሌላ እንዲተካና ሞተሩ «ወደ ነበረበት ሁኔታ እንዲመለስ» ወስነዋል። ይህን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አጣ። በዋግ ምድር ነገርን ወደ ነበረበት የሚመልስ መሥሪያ ቤት መኖሩን ከቶ አላውቅም ነበር፤ ቀደም ብዬ ሰምቼ ቢሆን ስንት ደጅ ባልጠናሁ። ስለዚህ ከሞተሩ በፊት ተራ የያዙ ጉዳዮች አሉን። የወለተ ሐና ዓይን አለ። ጣራው የተወሰደው የመንደራችን ትምህርት ቤት አለ። ወጥተው የቀሩ ልጆች አሉ፤ ቅደም ተከተሉን ለጥበብዎ እተወዋለሁ። ሁሉም ካልተቻለ አንድ ልጅ ብቻ ይበቃናል። ቁመቱ መካከለኛ ነው፤ በግራ አውራ ጣቱ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለው፤ ሲሄድ ያፏጫል። ከወጣበት ሁኔታ ተለውጦ ቢመጣም ያለ ምንም ምርመራ እንቀበለዋለን።

አራተኛ ልል ነበር፤ ተውሁት። ሽሙጥ ሲበዛ ለሽማግሌ ደስ አይልምና አሁን እንደ ሰው ልለምንዎ። ቅጣት ካለ ይቅጡኝ። ታርጋውን ይንጠቁኝ። ሞተሩንም ለሌላ ይስጡት፤ ድሮ በእግሬ ስወጣው የነበረውን ዳገት ዛሬም በእግሬ እወጣዋለሁ። ማርሚታውን ግን አይቁረጡት። ለክቶ የሚያስመስል ብረት ሠሪ ሰቆጣ ውስጥ ይገኝ ይሆናል፤ የሚያስመስለው ግን ሌላ ሰው ነው። ልጄ ከእጁ የተወልን ሌላ ነገር የለም፤ እናቱ ደግሞ አርጅታለች። ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የምንለምንዎ።

በመጨረሻም፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ማኅተምዎ ቀለም እንዳያጣ፣ ከቤት የወጣ ልጅዎ ሁሉ በማታው በሰላም እንዲገባልዎ እየተመኘሁ፣ የመጨረሻውን ምኞቴን ያለ አንዳች ሽሙጥ ያቀረብሁ መሆኔን እንዲያምኑልኝ በመማጠን፣ የጠፋብኝን ከእርስዎ የማልጠይቅ፣ የቀረኝን ግን እንዳይወስዱብኝ የምለምን፣ ዘወትር አክባሪዎ፣

መሪጌታ ደጅይጥኑ ወልደ ኢየሱስ

ማስታወሻ፦ ሞተሩ በግቢያችሁ ውስጥ ታሽጎ በጥበቃ ሥር እንደሚገኝ ተነግሮኝ ተጽናንቼ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግን ወለተ ሐናን በራችን ላይ ወድቃ፣ ጉልበቷ ደምቶ አገኘኋት። «ሞተሩ አለፈ» አለችኝ። በመንግሥት ቁልፍ የተቆለፈ ሞተር ዳገት አይወጣም ብዬ ተከራከርኋት፤ ባል አዋቂ ነውና። ጎረቤታችን ጥሩሐረግ ግን ከመሥሪያ ቤትዎ ሰዎች አንዱ ከኋላው የጠላ ጀሪካን ጭኖ ሲነዳው በዓይኗ አይታዋለች። ክስ የለኝም። እንዲያውም ይንዳው። ዘይት መቀላቀሉን እንዳይረሳ፣ መታጠፊያው ላይም ማርሽ ቶሎ እንዳይለውጥ ይንገሩልኝ፤ ወለተ ሐና ሞተሩ ሲጨነቅ ሰምታ አዝናለች። ማኅተም ያለበት ነገር አልጠይቅም። የሚያልፍበትን ቀን ብቻ አስቀድመው ያሳውቁኝ፤ ቀደም ብዬ ቤት ገብቼ እጇን ይዤ ወደ በሩ አወጣታለሁ።