አዝሙድ የተጠቀለለበት ምዕራፍ

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ገበያው ቀዝቃዛ። ትናንት የገባው አብሽ ግማሹ ጠጠር ነው... ቀኑን ሙሉ ስለቅም ዋልኩ። ሀጂ ጠይብ ከጎን ሱቃቸው ሆነው "ጠጠሩንም ሽጪው ሀፍሷ፣ ሚዛን ይደፋል" ይሉኛል። ሰውዬው ከሐጅ ከተመለሱ ወዲህ ቀልዳቸው ብሶበታል።

አፍራ ዛሬም ከቤት አልወጣችም። ታናሼ ናት፤ ከመስከረም ጀምሮ መሳለሚያ እኔ ቤት ነው ያለችው። የቢሮ ሥራዋን ድንገት ትታ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ለምን? "ደከመኝ።" በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። እኔ ደግሞ ስጠይቅ መልሱንም ራሴው ነው የምሰጠው። "ፍቅር ነው አይደል? ተጣላችሁ? ልጁ ማነው? የሀገራችን ልጅ ነው?" እሷ ሳህኗን አንስታ ወደ ጓዳ...

እራት በልተን ስናበቃ መጽሐፍ ሰጠችኝ። "አንብቢው።"

እኔ? ከአስረኛ ክፍል ወዲህ ያነበብኩት የዘይት ጀሪካን ላይ ያለውን ነው።

"ምዕራፍ ሰባት ስትደርሺ ንገሪኝ። ዘልለሽ እንዳታነቢ ደግሞ።"

ሽፋኑን አየሁት። አንዲት ሴት ተደፍራ፣ ያኔ የሆነውንና ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ራሷ የጻፈችው ነው። እውነተኛ ታሪክ ይላል። ስሟንም አልደበቀችም። እንዲህ ያለ ነገር መርካቶ ውስጥ ይነበባል?


ረቡዕ፣ ኅዳር 3

አንድ ገጽ አንብቤ ዘጋሁት። ሚዛን ጠረግኩ። ሁለተኛ ገጽ አንብቤ ዘጋሁት። የጠረግኩትን ሚዛን ጠረግኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በመደዳው እንደኔ ሚዛን የሚያብረቀርቅ ሱቅ አልነበረም።

ፊት ለፊት ሳህን የምትሸጠው ጀሚላ አንገቷ ሰጎን ነው። "ምን እያነበብሽ ነው?"

"የቅመም መጽሐፍ።"

"ቅመም መጽሐፍ አለው እንዴ?"

"አለው።"

"እስቲ ስለ ኮረሪማ ምን ይላል?"

"ኮረሪማ... ጥሩ ነው ይላል።"

አሁን መጽሐፉን በጋዜጣ ሸፍኜዋለሁ። ጀሚላ ግን መች ለቀቀችኝ? ልዘጋጋ ስል መጥታ በርበሬ እንዳይነቅዝ መጽሐፉ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ገና አልደረስኩም አልኳት።


ዓርብ፣ ኅዳር 5

ምዕራፍ ሦስት። ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ፖሊሱ "ምን ለብሰሽ ነበር?" አላት። "ምን አገባህ አንተ!" ብዬ ጮህኩ። ለካ ፊቴ ቆሞ የቀረፋ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ነበር። ተቀይሞ ሄደ። ይቅርታ ብዬ ብከተለውም ጭራሽ ፈጠነ።

ከዚያ ተቀመጥኩ። ሳቄ ሲያልቅ አንድ ነገር መጣብኝ... ስንት መጽሐፍ እያለ አፍራ ለምን ይሄን ሰጠችኝ? ፍቅር ነው ስል ሳህኗን ይዛ የምትሄደው... መብራት ሳታጠፋ የምትተኛው... ያ ሁሉ?

አላህ አያድርገው። ምዕራፍ ሰባት ላይ ምን አለ?

ዘልዬ ማየት አምሮኝ ነበር። አታንብቢ ብላኛለች፣ አላየሁም። በሕይወቴ አትንኪ የተባልኩትን ሳልነካ ስቀር ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።


ሰኞ፣ ኅዳር 8

ምን ጉድ ነው የሠራሁት።

ጠዋት ስድስትን ጨረስኩ። ሰባትን ልጀምር ስል አዛን ተባለ። በመደዳችን አንዱ ለሶላት ሲሄድ መጥረጊያውን በሩ ላይ ያጋድማል፤ ጎረቤት ይጠብቃል፣ ገዢ ከመጣም ይሸጥለታል። ስንት ዘመን እንዲሁ ነው የኖርነው። እና መጥረጊያዬን አጋደምኩ። መጽሐፉስ? ጀሚላ አንገቷን አስግጋለች። ፌስታል ክልክል ነው መባል ከተጀመረ ወዲህ የምንጠቀልልበት ወረቀት፣ አሮጌ ደብተር፣ መጽሔት ምናምን፣ ሚዛኑ ሥር ተከምሮ አለ። እሱ መሀል ሸጎጥኩት። የደረስኩበት እንዳይጠፋኝ አንዲት የቀረፋ ቅርፊት ምልክት አድርጌ። እንዴት ያለ ብልጠት!

ስመለስ ሀጂ ጠይብ ፊታቸው በርቷል። "ሸጥኩልሽ። ገበያሽ ዛሬ ነው የደራው።"

"አላህ ይስጥልኝ ሀጂ።"

"ወረቀትሽ ግን እንዴት ያለ ነው? ወፍራም፣ አይቀደድ፣ አያፈስ። ከየት ነው የገዛሽው?"

መጽሐፉን አነሳሁት። ከሳ ብሏል። ቀረፋው ባለበት ላይ ራሱ ተከፈተላቸውና ከዚያው እየቀደዱ ጠቀለሉ። ስድስት አለ። ስምንት አለ። ሰባት የለም።

"ቀረፋዋስ?" አልኩ።

"እሷንም ሸጥኳት" አሉ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ምዕራፍ ፍለጋ። ሀጂ ነገሩ ሲገባቸው አዘኑ፣ አስር ጊዜ "አውፍ በይኝ" አሉ። የእህቴ አደራ መሆኑን ብቻ ነው የነገርኳቸው። ግን የገዛውን ሰው በስም አያውቁም፤ በቅመም ነው የሚያስታውሱት። "አብሽ የወሰደው ረጅም ነው። ቁንዶ በርበሬዋ ታስላለች። እርድ ወፍራም ነበር።" ቁንዶ በርበሬን አትክልት ተራ ድረስ ሄጄ አገኘኋት። ወረቀቱን እሳት ማያያዣ አድርጋዋለች። አብሽ ደግሞ ከአውቶቡስ ተራ ጅማ ተሳፍሯል። እርድ ጭራሽ የለም።

ስመለስ የተረፈው መጽሐፍ ከሱቄ ጠፍቷል። ሀጂ ጋ አገኘሁት። "ጉዳቱን ልየው ብዬ ነው" አሉ። መነጽራቸውን በገመድ አንጠልጥለው፣ ገዢ ፊታቸው ቆሞ፣ እሳቸው ምዕራፍ ሦስት ላይ ናቸው። ገዢው ሁለተኛ ዋጋ ሲጠይቅ "ቆይ እስቲ፣ ልጂቱ ጣቢያ ናት" አሉት።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

እትዬ እታገኝ መጡ። አውቶቡስ ተራ ምግብ ቤት አላቸው፣ ጾም ከመግባቱ በፊት የሽሮ ቅመም ሁልጊዜ ከኔ ነው የሚገዙት። ሰኞ ጥቁር አዝሙድ ወስደው ነበር ለካ። ወረቀቱን ከቦርሳቸው አወጡት። ዘይት ነክቶታል። አስተናጋጆቻቸው ሽንኩርት እየላጡ ጮክ ብለው አንብበውታል።

"ቀጣዩ ገጽ ካለ ግማሽ ኪሎ እርድ ስጪኝ" አሉ።

"የለም እትዬ።"

"ኮረሪማ ውስጥስ?"

ተቀብዬ አነበብኩት። የምዕራፍ ሰባት ነው። "በመጨረሻ ለታላቅ እህቴ ነገርኳት" ይላል። "እህቴ የምታጥበውን ልብስ አስቀምጣ አየችኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦" ገጹ አለቀ።

ምን አለቻት?

አሁን ገባኝ። አፍራ የሆነ ነገር ልትነግረኝ ነው፣ የኔን መልስ ፈርታለች። መልሱ ደግሞ ጅማ ነው ያለው፣ ከአብሽ ጋር።

ሀጂን ጠየቅኳቸው፦ እህትየዋ ምን ያለቻት ይመስልዎታል? ከዘራቸውን አንስተው "የታለ ቤቱ! ነው የምትላት፣ ሌላ ምን ትላለች" አሉ። ጀሚላም ከማዶ ሰምታለች፤ "የቅመም መጽሐፍ ውስጥ እህት ምን ትሠራለች?" አለች።

እትዬ እታገኝ ግን አልሳቁም። "ዝም በይ ነው የምትላት" አሉ። "ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው። እኔንም ያሉኝ እሱን ነው።" ሂሳባቸውን ከፍለው ወጡ። አዝሙዳቸውን ረስተውት ሄዱ። እኔ ነኝ ሮጬ ያደረስኩላቸው። ምንም አልጠየቅኳቸውም፤ እጃቸውን ብቻ ያዝ አድርጌ ተመለስኩ።


ዓርብ፣ ኅዳር 12

"ምዕራፍ ስንት ደረስሽ?"

"ስድስት።"

"አሁንም ስድስት?"

"ወፍራም ስድስት ነው።"

አየችኝ። አላመነችኝም። ይህን ያህል ቀን ጠብቃኛለች፤ ሰባት ላይ ደርሼ የተውኩት፣ ልሰማት ያልፈለግኩ ከመሰላትስ? ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ ስትጠርግ አየኋት። ልትሄድ ነው? ውሸቱ ይቅር። እሑድ እነግራታለሁ።


እሑድ፣ ኅዳር 14

ከጠዋት ጀምሮ ኮረሪማ ስንፈለፍል ነበር፣ ትሪው መሀላችን።

"ምዕራፍ ሰባትን ሸጥኩት" አልኳት።

"ምን አደረግሽው?"

ሁሉንም ነገርኳት። መጥረጊያውን፣ ሀጂን፣ ቀረፋዋን፣ ጅማ የተሳፈረውን አብሽ። አንገቷን ደፋች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አለቀሰች ብዬ ጠጋ ስል... ሳቅ ነው። ኮረሪማው ከትሪው ተበተነ። "ቀረፋዋንም?" ትላለች እንደገና። "ቀረፋዋንም ሸጧት?" ከመስከረም ወዲህ ጥርሷን ሳየው ይሄ የመጀመሪያው ነው። ደስ ሲለኝ ልቤ ሊወጣ ደረሰ።

እየሳቀች እንባዋ መጣ። ከዚያ ሳቁ አለቀና እንባው ብቻ ቀረ።

"እህትየዋ ምን ያለቻት ይመስልሻል?"

የመደዳውን መልስ በሙሉ ይዤ ነበር። አንዱም አልመጣልኝም። "አላውቅም" አልኩ። "አንቺ ንገሪኝ።"

ነገረችኝ። የመጽሐፉን ሳይሆን የራሷን። የቢሮዋ አለቃ ነው። ከሥራ ሰዓት በኋላ ሪፖርት አምጪልኝ ብሎ ጠርቷት። ሌላውን እዚህ አልጽፈውም፣ የእሷ ነው። "ደፈረኝ" አለች። ቃሉን አላለሳለሰችውም፣ እኔም አላለሳልሰውም።

ጥያቄው አፌ ውስጥ ተሰልፏል። እኔ ነኛ። አንድ ጭብጥ ኮረሪማ አፌ ውስጥ ከተትኩና ነከስኩበት። አቃጠለኝ፣ ዓይኔ ፈሰሰ፣ አፍንጫዬ ፈሰሰ። እሷ ጨረሰች።

"አምንሻለሁ" አልኳት፣ ከነኮረሪማው። "ጥፋቱ የሱ ነው። እኔ አለሁ።"

ጭኔ ላይ ተኛች። ፀጉሯ ውስጥ የኮረሪማ ገለባ ነበር፤ አንድ በአንድ ለቀምኩት። ቆይታ፣ "መጽሐፉ ላይ እህትየዋ 'ምን ልትሠሪ ሄድሽ?' ነው ያለቻት" አለች። "ከዚያ በኋላ ልጅቷ ለዓመታት ለማንም አልተናገረችም። አንቺም እንደሷ እንዳትዪኝ ብዬ ነው አስቀድሜ ያስነበብኩሽ።"

እውነቱን ልጻፍ። ምላሴ ላይ የነበረው እሱ ነው። ቃል በቃል። ከኮረሪማው ጋር ነው የዋጥኩት።

ሰውዬውን ግን... በእጄ ቢገባ። እዚህ ላይ ላቁም።


ሰኞ፣ ኅዳር 15

ሱቅ ረፍዶ ከፈትኩ። ጀሚላ ለምን አለችኝ። ሚዛን ጠረግኩ። "አመመሽ እንዴ?" አለች።


ረቡዕ፣ ኅዳር 17

እትዬ እታገኝ "ተገኘ?" ብለው መጡ። ገጹ አልተገኘም፣ የሚለውን ግን ሰማሁ አልኳቸው። እህትየዋ ያለችውን ነገርኳቸው፤ የመጽሐፏን ብቻ። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሀጂ ሲጨርሱት አውሺኝ" አሉ። "ከፊቱ ጀምሬ ላንብበው። ለሽሮዬም እኔው ወረቀት ይዤ እመጣለሁ፣ ከዚህ መጽሐፍ እጃችሁን አንሱ።"


ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

አፍራ ሱቅ መጣች። ራሷ "ልምጣ?" ብላ። በታክሲው መስኮት በኩል ቁጭ ብላ፣ እጄን ይዛ። ሚዛኑ ጋ አስቀመጥኳት። ጀሚላ ከማዶ "እህትሽ ናት? ቆንጆ ናት፣ ባል..." ስትል በዓይኔ አፏን አዘጋኋት። ለካ ይቻላል።

ሀጂ ጠይብ መጽሐፉን ጨርሰው ሊመልሱ መጡ። ሰባት ስለሌላቸው መሀሉ ተምታቶባቸዋል። የተቀደደበትን ጫፍ በፕላስተር ለጥፈውታል፣ አንድ ገጽ ደግሞ ተገልብጦ ተለጥፏል።

"የመጽሐፉ ባለቤት አንቺ ነሽ አሉ" አሏት። "አውፍ በይኝ ልጄ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። መጨረሻው አልገባኝም። ልጂቱ ያንን ሰውዬ ከሰሰችው?"

ልመልስ አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት።

አፍራ አንድ ወረቀት አነሳች፣ አጠፈችው፣ ዘረጋችው። "ገና ነው ሀጂ" አለች። "ሰኞ ነው የምትሄደው።"

ሀጂ መነጽራቸውን አወለቁ። እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። የምንጊዜም ቀልዳቸው ፊታቸው ላይ አልነበረም። ጥጉ ጋ ሄደው መጥረጊያዬን አነሱና ጭራሮውን በእጃቸው አስተካከሉት።

"እንግዲያው ሰኞ ሱቁን እኔ እይዛለሁ" አሉ። "ብቻዋን አትሄድም። ሀፍሷም አብራ ትሂድ፣ ማምሸትም ካለ ታምሽ።"

በሩ ጋ ሲደርሱ ወደኔ ዞር አሉ። "የምጠቀልልበትን ወረቀት ግን ከመሄድሽ በፊት ራስሽ አውጪልኝ።"

አፍራ ሳቀች። ከዚያ ገዢ መጣ፤ ጥቁር አዝሙድ ፈልጎ። እሷ ናት መዝና የሰጠችው።